ዊተን፣ 35 ሜትር ከመሬት በታች፦ የዋሽንግተን ሜትሮ ኤስካሌተሮች ለምን ይቆማሉ?

ሜሪላንድ ውስጥ ካለው የዊተን ሜትሮ (የከተማ ባቡር) ጣቢያ ወደ ውጭ የሚያወጣው ኤስካሌተር 70 ሜትር ይረዝማል። በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ከእሱ የሚረዝም የለም። ቆሞ ለሚወጣ ሰው 2 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ይህ ሲሠራ ነው። ሲቆም ግን ያው መንገድ 175 ደረጃ ይሆናል፤ ከፍታው 35 ሜትር ስለሆነ 11 ፎቅ በእግር እንደመውጣት ነው።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተንና በዙሪያቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ልጅ ለመጠየቅ ከሀገር ቤት የመጡና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ወላድ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲሠራ ውሎ የሚመለስ ሰው፣ ሁሉም ጣቢያው ሲደርሱ የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ይሠራ ይሆን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከ50 ዓመት በፊት በተወሰነ ውሳኔ ይጀምራል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋሽንግተን ሜትሮ መጋቢት 27 ቀን 1976 ሥራ ሲጀምር ትንሽ ነበር፤ ዛሬ 98 ጣቢያዎች አሉት። ቀዩ መስመር በ1978 ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ባቡሩ ከመሬት በላይ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ግን ጆርጂያ አቬኑን ተከትሎ ወደ ዐለት ውስጥ ጠለቀ። በዚያ አካባቢ ከላይ ያለው መሬት ለዘመናት የበሰበሰ፣ ውኃ ያዘለ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ሲቆፈር ይናዳል፤ ከላዩ ያለውን ቤትና መንገድም ያሰጋል። ከሥሩ ያለው ዐለት ግን ጠንካራ ስለሆነ ዋሻው በራሱ ይቆማል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ወደ ታች ወረዱ። መስከረም 22 ቀን 1990 አብረው የተከፈቱት ፎረስት ግሌንና ዊተን ሁለቱም እጅግ ጥልቅ የሆኑት ለዚህ ነው። በመሀል ከተማ የሚታወቀው፣ የሜትሮው አርክቴክት የሃሪ ዊስ ሰፊ ቅስት ጣሪያም እዚያ የለም፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ሁለቱም ጣቢያዎች ጎን ለጎን በተቆፈሩ ሁለት ዋሻዎች ውስጥ ነው የተሠሩት።

በጥልቀት መቆፈር የግንባታውን ገንዘብ አተረፈ። ሂሳቡ የመጣው በኋላ ነው፤ ሰውን ከዚያ ጥልቀት አውጥቶ መንገድ ላይ የሚያደርሰው ማሽን በየቀኑ ለ20 ሰዓት ያህል መሽከርከር አለበትና።

የዊተኑን ኤስካሌተር ከውስጥ ብናየው እንዲህ ነው። የኤስካሌተር ተዳፋት በአብዛኛው 30 ዲግሪ ነው፤ በዚህ ማዕዘን ርዝመቱ የከፍታው እጥፍ ይሆናል። 35 ሜትር ለመውጣት 70 ሜትር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ እርከን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። በዓይን የሚታዩት 175 ያህል ናቸው፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ከሥር ተገልብጠው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ አንዱ ኤስካሌተር ከ350 በላይ እርከኖች አሉት ማለት ነው። እያንዳንዱ እርከን አራት ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ካሉት ሰንሰለቶች ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ይከተላሉ። በድምሩ ከ1,400 ጎማ ያላነሰ ይሆናል፤ አንዱ ጎማ ኩሽኔታው ሲደርቅ መንኳኳት ይጀምራል፤ ካልተቀየረ ሐዲዱን ይበላል። ሰንሰለቱም ይለጠጣል። ብረቱ ራሱ ይለጠጣል ማለት አይደለም፤ በየማያያዣው ያለው ፒን ቀስ በቀስ ስለሚበላ ነው። የእያንዳንዱ ማያያዣ መበላት ከፀጉር የቀጠነ ቢሆንም በ140 ሜትር ሰንሰለት ላይ ሲደመር በእርከንና በእርከን መካከል ክፍተት ይፈጥራል። የግራው ሰንሰለት ከቀኙ ይልቅ ከተለጠጠ ደግሞ እርከኑ ጠመም ብሎ ይሄድና ጎኑ ከግድግዳው ብረት ጋር ይፋተጋል። አጭር ኤስካሌተር ላይ እንዲህ ያለው መበላት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ ረጅሙ ላይ ግን ቶሎ ያስታውቃል።

አሁን ተሳፋሪውን በጣም ወደሚያናድደው ነገር እንምጣ። ኤስካሌተር ብዙ ጊዜ የሚቆመው ስለተሰበረ አይደለም። ራሱን እንዲያቆም ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ከላይ እስከ ታች በየቦታው የደኅንነት ማብሪያዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ እርከኑ ከወለሉ ሥር ሲገባ ያሉትን ሚዶ መሰል ጥርሶች ይጠብቃል፣ አንዱ የሰንሰለቱን ውጥረት፣ አንዱ የወደቀ እርከን መኖሩን፣ አንዱ የእጅ መደገፊያው ጎማ ከእርከኑ እኩል መሄዱን፣ አንዱ ፍጥነቱን። ሁሉም በአንድ ሽቦ ላይ ተራ በተራ የተቀጠሉ ናቸው፤ አንዱ ሲከፈት ሞተሩ ይጠፋል፣ ፍሬኑ ይይዛል። አንዲት ሳንቲም፣ የሻንጣ ጎማ ስባሪ ወይም የጫማ ማሰሪያ ጥርሱ ውስጥ ስትገባ ይህ ሁሉ ይቆማል። በርቀት ሆኖ ቁልፍ ተጭኖ ማስነሳትም አይፈቀድም። ሰው በቦታው ተገኝቶ እርከኑ ላይ ማንም አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ የትኛው ማብሪያ እንደተከፈተ ማወቅ፣ ምክንያቱን ማስወገድ፣ ከዚያ በቁልፍ ማስነሳት አለበት። ማብሪያው በብልሽት የተከፈተ ከሆነ ደግሞ መካኒኩ እርከኖቹን ፈትቶ ሆዱ ውስጥ መግባት ግድ ይሆንበታል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በ10 ደቂቃ ያለቀው ጉዳይ ማታ የጥገና ሰው ሌላ ጣቢያ ላይ ከተያዘ ሦስት ሰዓት ሊወስድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ፍሬኑ በተለይ መናገር ያስፈልጋል። የኤስካሌተር ፍሬን እንደ መኪና ፍሬን ሲረገጥ የሚይዝ አይደለም። ሁልጊዜ በሞላ (ስፕሪንግ) ኃይል እንደያዘ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብቻ ይለቃል። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚይዘው ስለዚህ ነው፤ አሠራሩ ብልህ ነው። ነገር ግን በዊተኑ ኤስካሌተር በእያንዳንዱ እርከን አንድ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢቆም ፍሬኑ የሚይዘው ከ13 ቶን በላይ ነው። የፍሬን ሸራው ከተበላ ወይም ከማርሽ ሳጥኑ የሚንጠባጠብ ዘይት ከነካው ያን ክብደት መያዝ አይችልም፤ እርከኖቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ጥቅምት 30 ቀን 2010 በላንፋንት ፕላዛ ጣቢያ የሆነው ይኸው ነበር። መሀል ከተማ ለሕዝባዊ ስብሰባ የወጣ ብዙ ሕዝብ የሞላበት ወደ ታች የሚወርድ ኤስካሌተር በድንገት ፍጥነት ጨመረ፤ ሰዎች ከታች ተደራርበው ወደቁ፣ ተጎዱ። ምርመራው የደረሰበት የተበላ ሸራና ዘይት የነካው ፍሬን ነበር። ሁለቱም በጥገና የሚታዩና የሚታረሙ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ «ኤስካሌተር ቢቆምም ደረጃ ነው፣ በእግር ውጡት» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። የቆመ ኤስካሌተር ላይ የሚራመድን ሰው የሚደግፈው ያው ፍሬን ነው። ከዚህም በላይ ከላይና ከታች ጫፉ ላይ እርከኖቹ ወደ ሜዳ ሲለወጡ ከፍታቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጣዩ 12፣ ከዚያ 5 ይሆናል። እግር ከፍታውን ለምዶ ሲሄድ ድንገት ይሳሳታል። ሰው የሚደናቀፈውም በአብዛኛው እዚያ ነው።

ሌላው ጠላት ውኃ ነው። ሜትሮ ሲሠራ ብዙዎቹ መግቢያዎች ሰማይ ገላጣ ነበሩ። ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ለማሽኑ ግን ጥፋት ነው። ዝናቡ ሰንሰለቱ ላይ ያለውን ቅባት ያጥባል። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በጫማ ተጎትቶ ይገባና ከውኃው ጋር ወደ ሆዱ ይወርዳል፤ ብረቱን ይበላል፣ የማብሪያዎቹን መገናኛ ያዝጋል። ከታች ያለው ጉድጓድ የፍሳሽ መውጫው በቆሻሻና በቅባት ሲደፈን ሞልቶ የሚመለሱትን እርከኖች ያርሳል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ብዙ መግቢያዎች ላይ የመስታወት ጣሪያ መሥራት ተጀመረ። ጥሩ ነው፤ ግን ከ25 ዓመት በኋላ የመጣ ጣሪያ የገባውን ዝገት አያወጣም።

ከዚያ የመለዋወጫ ጉዳይ ይመጣል። ከቀድሞዎቹ ኤስካሌተሮች ብዙዎቹን የሠራው ዌስቲንግሃውስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከዚህ ሥራ ወጥቷል። ያን ዓይነት እርከን ወይም ጊር የሚያመርት ፋብሪካ የለም፤ ወይ ከሌላ አሮጌ ኤስካሌተር ይፈታል፣ ወይ በልክ ይቀረጻል። የዱፖንት ሰርክል ጣቢያ ደቡብ መግቢያ እንዲህ ሆኖ ተዳከመ። ሦስቱም ኤስካሌተሮች በየተራ ይበላሹ ስለነበር በ2012 መግቢያው ለስምንት ወር ያህል ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሦስቱ በአዲስ ተተኩ። ቤተስዳ ጣቢያ ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ ተመረጠ። የቤተስዳ ኤስካሌተር 65 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ በወቅቱም ሌላ መግቢያ ስላልነበረው መዝጋት አልተቻለም፤ ከ2014 ጀምሮ ሦስቱ አንድ በአንድ ተቀየሩ። ያ ደግሞ ለዓመታት አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች፣ ምንም ተጠባባቂ የሌለበት ጣቢያ መሆን ነው። ከሁለቱ የዱፖንቱ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፤ ሌላ መግቢያ ባለበት ቦታ ሁሉ አንድ ጊዜ መዝጋትና መጨረስ ከሦስት ዓመት ስቃይ ይሻላል። ችግሩ በጣም ጥልቅ የሆኑት ጣቢያዎች አንድ መግቢያ ብቻ ያላቸው መሆናቸው ነው።

ሜትሮ ከ600 በላይ ኤስካሌተሮች አሉት፤ ከአሜሪካ የከተማ ባቡሮች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። በ2020ዎቹ መጀመሪያ 130ውን በሰባት ዓመት ለመተካት ከኮኔ ኩባንያ ጋር የ179 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈረመ። ሲካፈል ለአንዱ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይመጣል። ጣቢያው በቀን ስለሚሠራ የብረቱን ስብርባሪ ማውጣትና አዲሱን ማስገባት የሚቻለው ሌሊት፣ በጠባቡ ጉድጓድ፣ በቁራጭ በቁራጭ ነው። የሥራው ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚፎካከረው በዚህ ነው።

ከዊተን አንድ ጣቢያ ቀድሞ ያለው ፎረስት ግሌን ይህን ሁሉ በሌላ መንገድ ፈትቶታል። ጥልቀቱ 60 ሜትር ነው፤ ከሥርዓቱ ሁሉ ጥልቁ። ኤስካሌተር ቢሠራለት 120 ሜትር ይረዝም ነበር። ስለዚህ ወደ ላይ የሚያወጣ ኤስካሌተር የለውም፤ ስድስት ፈጣን ሊፍቶች አሉት፤ ከታች ተነስተው ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ላይ ይደርሳሉ።

የትኛው ይሻላል? እናስላው። ኤስካሌተር በሴኮንድ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሄድ በደቂቃ 67 እርከን ያወጣል። በወረቀት ላይ በየእርከኑ ሁለት ሰው ይቆማል ይባላል፤ በተግባር ረጅም ኤስካሌተር ላይ በአማካይ አንድ ሰው ብንል ይቀርባል። ይህ በሰዓት 4,000 ሰው ነው። አንድ ባቡር 300 ሰው ቢያወርድና ወደ ላይ የሚሄደው አንድ ኤስካሌተር ብቻ ቢሆን የመጨረሻው ሰው ኤስካሌተሩ ላይ ለመርገጥ ብቻ አራት ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል። ቀጣዩ ባቡር በአራት ደቂቃ ከመጣ ሰልፉ ሳያልቅ ሌላ ሰልፍ ይጀምራል። አሁን ስድስት ሊፍት እያንዳንዱ 20 ሰው ይዞ ደርሶ መልሱን በ90 ሴኮንድ ቢጨርስ በሰዓት 4,800 ሰው ይወጣል። ከስድስቱ አንዱ ቢበላሽ የሚጎድለው አንድ ስድስተኛ ነው፤ 4,000 ይቀራል። ከሦስት ኤስካሌተር አንዱ ሲበላሽ ግን አንድ ሦስተኛው ይሄዳል፤ ሁለቱ ከተበላሹ ደግሞ አንዱ አቅጣጫ ጭራሽ ይቋረጣል። ሊፍቱ ለጋሪም፣ ለተሽከርካሪ ወንበርም፣ ለከዘራም እኩል ያገለግላል። ዝናብና ጨውም እንደ ኤስካሌተር ሆዱ ውስጥ አይገባም።

ሊፍት ደካማ ጎን የለውም ማለት ግን አይደለም። እሳትና ጭስ ሲኖር ሰውን በሊፍት ማውጣት አደገኛ ነው፤ ፎረስት ግሌን ላይ ያኔ የሚቀረው ከ300 ደረጃ በላይ ያለው የአደጋ መውጫ ነው። ጥር 12 ቀን 2015 በላንፋንት ፕላዛ አቅራቢያ በዋሻው ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ተቃጥሎ ባቡር ውስጥ ጭስ ሲሞላ አንድ ሰው ሞቷል፣ ከ80 በላይ ተጎድተዋል። ላንፋንት ፕላዛ ደግሞ ጥልቅ ከሚባሉት አይደለም። ስለዚህ የጥልቅ ጣቢያ ሊፍት ጭስ የማያስገባ መጠበቂያ ክፍል፣ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመርና አየር ማናፈሻ ሊኖረው ይገባል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን ከ30 ሜትር በላይ ለሚጠልቅ ጣቢያ ሊፍት ይበልጣል የሚል አቋም አለን። አዲሶቹ ግንባታዎችም ወደዚያው እየሄዱ ነው። ሮዝሊን በ2013 የተከፈተለት ሁለተኛ መግቢያ ሦስት ትልልቅ ሊፍቶች ናቸው። ቤተስዳ ላይ ከአዲሱ ቀላል ባቡር ከፐርፕል ላይን ጋር የሚሠራው የደቡብ መግቢያም የታቀደው በስድስት ፈጣን ሊፍቶች ነው።

ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው ሊፍት ምርጫ እንኳን አይደለም፤ በሩ እሱ ነው። መብቱም በልመና የመጣ አይደለም። በመጀመሪያው የሜትሮ ንድፍ ሊፍት አልታሰበም ነበር፤ አካል ጉዳተኞች ፍርድ ቤት ሄደው ነው ያስገቡት። በ1976 መስመሩ ሲከፈት ባቡሩ ጋለሪ ፕሌስ ጣቢያን ሳይቆም ያልፍ ነበር፤ ሊፍቱ ስላላለቀ ፍርድ ቤት እንዳይከፈት አዝዞ ነበርና። የተከፈተው ታኅሣሥ 15 ቀን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። «ሊፍቶቻችን 97 በመቶ ይሠራሉ» ሲባል ጥሩ ይመስላል። ብዙ ጣቢያ ላይ ግን ከመንገድ እስከ ቲኬት ማለፊያው አንድ ሊፍት፣ ከዚያ እስከ ባቡሩ ሌላ ሊፍት አለ። በተነሡበት ጣቢያ ሁለት፣ በሚወርዱበት ሁለት፣ በድምሩ አራት መሥራት አለባቸው። 97 በመቶን አራት ጊዜ ሲያባዙት 88 በመቶ ተኩል ይሆናል። ሄዶ ለመመለስ ደግሞ ይህ ሁለቴ ነው። ስለዚህ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ከዘጠኝ ጉዞ በአንዱ የተዘጋ በር ያገኛል፤ ሪፖርቱ ግን አሁንም 97 ይላል። ሊለካ የሚገባው ማሽኑ ሳይሆን ከደጅ እስከ ደጅ ያለው ጉዞ ነው።

በአዲስ አበባም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የቀላል ባቡሩ የሰሜን ጫፍ፣ ምኒልክ አደባባይ ያለው ጣቢያ፣ ከመሬት በታች ነው፤ ከመሬት በላይ በድልድይ የተሰቀሉ ጣቢያዎችም አሉ። ወደፊት ጥልቅ ወይም ከፍ ያለ ጣቢያ የሚነድፍ ሰው ከግንባታው ዋጋ ጎን ለጎን የሰንሰለት፣ የጎማና የፍሬን ሸራ የ30 ዓመት ሂሳብ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ፣ መጻፍ አለበት።

ለዛሬው ተሳፋሪ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሜትሮ የቆሙትን ሊፍቶችና ኤስካሌተሮች ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ እናትን ወይም ጋሪ ይዞ ከመውጣት በፊት የሁለቱንም ጣቢያ ማየት ነው። መንገድ ላይ ከደረሱ በኋላ ሊፍቱ ቆሞ ቢገኝ መግቢያው አጠገብ ባለው ክፍል ውስጥ ያለውን የጣቢያ ኃላፊ መጠየቅ ይቻላል፤ ከቅርቡ ጣቢያ በነፃ በመኪና የማመላለስ አገልግሎት ማዘጋጀት የሜትሮ ግዴታ ነው። ዊተን ሲሆን ወይ ግሌንሞንት፣ ወይ ፎረስት ግሌን ነው የሚወረደው።

ኤስካሌተሩ ላይ ሲቆሙ ከጎኑ ግድግዳ እግርን ማራቅ ነው፤ ለስላሳ የጎማ ጫማ በእርከኑና በግድግዳው መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ይሳባል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ የሚለበሰው ረጅም ቀሚስና የነጠላው ጥለትም እንዲሁ። ነጠላውን ትከሻ ላይ መጠቅለል፣ የቀሚሱን ጫፍ በአንድ እጅ ሰብሰብ ማድረግ፣ በሌላው እጅ የእጅ መደገፊያውን መያዝ ነው። መደገፊያው ከእርከኑ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ እጅን ከጎተተ፣ ወይም እርከኑ ከእግር ሥር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ለጣቢያው ኃላፊ መንገር ያስፈልጋል፤ ሰንሰለትና የእርከን ጎማ ከመበላሸታቸው በፊት የሚሰጡት ምልክት ይህ ነው። ልብስ ወይም ጣት ከተያዘ ደግሞ ከላይና ከታች ጫፉ ላይ ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ አለ፤ በቅርብ ያለ ሰው መጀመሪያ «መደገፊያውን ያዙ!» ብሎ ላሉት ሁሉ ይጮህ፣ ከዚያ ይጫነው።